በሦስት ጣት ስለ ጎደለው ኳስና ስለ ተባረረው አሰልጣኝ

ለተከበሩ ዶክተር ብራድሊ ስትራውድ
የዌንደል ኮሌጅ የስፖርት ክፍል ዳይሬክተር
ሃርሎው ክሪክ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ በመጨረሻው ጨዋታ ቀን ይዞዎት የነበረው ጉንፋን ሙሉ በሙሉ ለቆዎት፣ እንቅልፍዎ ተመልሶ፣ ባለቤትዎም በመልካም ጤና ላይ ሆነው እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። በነገሩ ውስጥ ድርሻ ስላለው ስለ ጉልበቴ በኋላ እመለስበታለሁ።

ደብዳቤውን በከተማችን ጋዜጣ በኩል በይፋ መላኬን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በቃል ያስረዳሁትን እርስዎ በታላቅ ትዕግሥት አዳምጠው፣ በሩን በገዛ እጅዎ ዘግተው፣ ነገሩ ከዚያ በር እንዳይወጣ በአባትነት ስለ መከሩኝ፣ በጋዜጣ ካልሆነ በሌላ መንገድ ሊወጣ እንደማይችል ገብቶኛል።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ስሜ ቨርነን ቲድማን ነው፤ ሰባ ሁለት ዓመት ሞልቶኛል። አርባ ዓመት በእህል ጎተራው ሚዛን ላይ ተቀምጬ የዚህን አውራጃ በቆሎ መዝኜ ጡረታ ወጣሁ። ሠላሳ አንድ መኸር ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ኳስ በእጅ ተይዞ በሚሮጥበት በኮሌጁ የፉትቦል ሜዳ ዳር ብርቱካንማ ሰደርያ ለብሼ ሰንሰለት ይዣለሁ። ሦስት ነን። ሜርል ኦስትባይና ወንድሙ ዱዌን በሰንሰለቱ ሁለት ጫፍ ያሉትን ዘንጎች ይይዛሉ፤ እኔ ሰንሰለቱን ከሜዳው መስመር ጋር የምታስተካክለውን ትንሿን መቆንጠጫ እይዛለሁ። ሰንሰለቱ ልክ ዐሥር ያርድ ነው። ቡድናችን በአራት ሙከራ ዐሥሩን ያርድ ከጨረሰ ሰንሰለቱን አንሥተን ወደ ፊት እንሄዳለን፤ ካልጨረሰ ኳሱን ለባላጋራው ያስረክባል፣ እኛም አንገታችንን ደፍተን አቅጣጫ እንቀይራለን። ሥራችን የራሱ ሕግ አለው። አናጨበጭብም፣ አንጮህም፣ ሜዳ ዳር የሰማነውን ቤት አንወስድም። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያጨበጨብኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ያኔም ወፍራም ጓንት አድርጌ ስለ ነበር አልተሰማም።

ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የማጥቃት አስተባባሪያችን የነበረውን የአሰልጣኝ ኮሪ ሃልቨርሰንን ሥራ ለመገምገም ምን መብት አለህ የሚለኝ ሰው ቢኖር ብዬ ነው። ኳስ በእጃችን ሲሆን ማን እንደሚሮጥ፣ ማን እንደሚወረውር፣ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስነው እሱ ነበር። የእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሥራ በእኔ እግር ይለካል። ከእሱ በፊት በነበሩት ዓመታት አንድ ቦታ ቆሜ ጣቶቼ ይደነዝዙ ነበር። እሱ በመጣ በሁለተኛው ዓመት ባለቤቴ ቤቭ አዲስ ጫማ ገዛችልኝ፤ አሮጌው በመራመድ ብዛት አልቆ ነበር።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልሂድ።

አንደኛ፣ በጥቅምት ወር የመላ ወቅቱን ትኬት ለገዛን ሁሉ ስለ ላኩልን የግምገማ ቅጽ ከፍ ያለ ምስጋና አቀርባለሁ። ዘጠኝ ጥያቄ ነበረው፤ ዘጠኙም ስለ አንድ ሰው ነበሩ። አራተኛው “የአስተባባሪው የጨዋታ ጥሪዎች አስደሳች ነበሩን?” ይላል። ሰባተኛው “ደጋፊን የሚያነሣሣ ባሕርይ አለውን?” ይላል። አንድ ሰው አራት ሰዓት ሙሉ በብርድ ቆሞ ሰማንያ ውሳኔ ሲወስን ባሕርዩ ያነሣሣል ወይ ተብሎ መጠየቁ የኮሌጃችንን ጥልቅ አስተሳሰብ ያሳያል። ቅጹን አብዛኞቻችን የሞላነው በሎይስ ቁርስ ቤት በእንቁላልና በድንች መካከል ነው። ሜርል እርሳሱን ምላሱ ላይ እያስነካ “ሎይስ፣ ትንሹ ቁጥር ስንት ነው?” ብሎ ጠየቀ። “አንድ ነው።” “ዜሮ የለም እንዴ?” “ዜሮማ ለአንተ ነው፣ ከአንድ ሲኒ ቡና ጋር ጠረጴዛዬን ቀኑን ሙሉ ለያዝከው።” ቁርስ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ቅጹን ግን ሳልሞላ ኪሴ ከተትሁት፣ ምክንያቱንም ያኔ በደንብ አላውቀውም ነበር።

ሁለተኛ፣ ለአሰልጣኙ ስላደረጉለት ድጋፍ። በሐምሌ ኳስ ወርዋሪውን የሚከልሉት ሁለቱ ግዙፍ የመስመር ተጫዋቾቻችን ወደ ትልልቅ ኮሌጆች ሲሄዱ እርስዎ መልካም ዕድል የሚል ካርድ ልከውላቸዋል። በመስከረም የመጀመሪያው ኳስ ወርዋሪያችን የትከሻ አጥንቱ ተሰበረ። ሁለተኛው ጉልበቱ ዞረ፤ በጉልበት ጉዳይ አዝንለታለሁ። ሦስተኛው በኬሚስትሪ ፈተና ወድቆ ታገደ። አራተኛው ወርዋሪ ተብሎ የቆመው፣ አንባቢ ይቅር ይበለኝ፣ እስከዚያ ቀን ሥራው ኳስ በእግሩ መምታት ብቻ የነበረ ልጅ ነው። ኮሪ ያን ልጅ ሎይስ ቤት አስቀምጦ በወረቀት መሐረብ ላይ እየሣለ አስተማረው። መሐረቡን ካነሡት በኋላ ሎይስ አልጣለችውም፤ መሳቢያዋ ውስጥ አለ። በዚያ ልጅ ሦስት ጨዋታ አሸንፈናል። ለዚህ ሁሉ ኮሌጁ በወቅቱ የሰጠው መልስ አዲሱ የውጤት ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው እጅግ ትልቅ ስለሆነ ሽንፈታችንን የጎረቤት አውራጃ ሰዎችም ከእርሻቸው ሆነው ማንበብ ችለዋል፣ በእነሱም ስም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ የመጨረሻው ጨዋታ። ከኬልተን ኮሌጅ ጋር የምንጫወተው የዓመቱ መዝጊያ ለዚህ ከተማ ምን እንደሆነ ለእርስዎ መናገር አይገባኝም። ሃያ ለዐሥራ ስድስት እንመራለን፣ ማለቴ እንመራለን ስል እነሱ ይመሩናል፤ እጄ እውነቱን ለመጻፍ ገና አልለመደም። ሁለት ደቂቃ ያህል ቀርቷል። ቀኑን ሙሉ ቀጭን በረዶ ሲጥል ዋለ። ሦስት ሙከራ አልቆ አራተኛው ቀርቷል፣ የሚጎድለንም አንድ ያርድ ብቻ ነው። ነፋሱ ፊት ለፊት ይመታል፣ ወርዋሪያችን ደግሞ የማይወረውር ነው። ኮሪ በመሐል ሮጠው እንዲገቡ አዘዘ። ትክክለኛ ትእዛዝ ነበር። ልጆቹ ተገፋፍተው አንድ ላይ ወደቁ፣ ዳኛው ከሥራቸው ኳሱን ፈልጎ አወጣና ይለካ አለ።

በሕጉ መቆንጠጫውን ይዞ ገብቶ መስመሩ ላይ የሚያስቀምጠው ዳኛው ነው። የእኛ ሜዳ ዳኛ ግን ስንት ዓመት ያውቀኛል። “ቨርን፣ አንተው አስቀምጠው። ሠላሳ ዓመት ሜዳ ዳር ስታስቀምጠው አይቼሃለሁ” አለኝ። ኩራት ተሰማኝ። ስምንት ሺህ ሰው እያየኝ መሐል ሜዳ ገብቼ ተንበረከክሁ፣ መቆንጠጫውን ሠላሳኛው ያርድ መስመር ላይ አስቀመጥሁ፣ ሜርል ሰንሰለቱን ወጥሮ ዘንጉን አቆመ። ኳሱ ሦስት ጣት ጎደለው። ዳኛው በእጁ ለሕዝቡ አሳየ። ኬልተኖች ኳሱን ወሰዱ፣ ሰዓቱን አስጨረሱ፣ ጨዋታው አለቀ።

በዚያው ምሽት እንደ ልማዳችን በሉተራኑ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የዓመቱ መዝጊያ እራት ነበር። በምድጃ የተጋገረው ድንችና የተፈጨ ሥጋ ሲታደል ሰው ሁሉ እየመጣ “ጋሽ ቨርን፣ ስንት ጎደለው?” ይለኛል። እኔም ሦስት ጣቴን አነሣለሁ። በየጠረጴዛው ዞሬ ሦስት ጣቴን ያላሳየሁት ሰው የለም። ያን ማታ ከእኔ በላይ የተፈለገ ሰው አልነበረም፣ ደስ ብሎኝም ነበር። ኮሪና ባለቤቱ ጃኔል ከሰባት ዓመት ልጃቸው ከብሪን ጋር በመጨረሻው ጠረጴዛ ብቻቸውን ተቀምጠው ነበር። አጠገባቸው ስድስት ባዶ ወንበር ነበረ። ልጅቱ ጣቴን አየችው።

አራተኛ፣ እሁድ ጠዋት። በዚህ ከተማ ያልተወደደ አሰልጣኝ ግቢ ውስጥ “ይህ ቤት ይሸጣል” የሚል ምልክት መትከል የቆየ ቀልድ ነው። ከየሰው ግቢ ነቅለው ያመጡትን ዐሥራ አንድ ምልክት በኮሪ ሣር ላይ ተክለውበት አደሩ። ቤቭና እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አየናቸውና አንድ በአንድ ነቀልናቸው። ዐሥረኛውን ስነቅል ብሪን በፒጃማዋ ወጥታ ደረጃው ላይ ቆመች። “ቤታችንን ልትገዙት ነው?” አለችን። ቤቭ ሄዳ ኮቷን ደረበችላት፤ እኔ ዐሥራ አንደኛውን ነቀልሁ። ክቡር ሆይ፣ ለዚህ ቀልድ ኮሌጁ ተጠያቂ እንዳልሆነ አውቃለሁ። የእርስዎ ቅጽ ለምልክቶቹ መትከያ አፈሩን ብቻ አለሰለሰላቸው።

አምስተኛውን ቁጥር አልጽፈውም። ከዚህ በኋላ ያለው ቁጥር የሚሰጠው ነገር አይደለም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ የከተማው ቴሌቪዥን ጨዋታውን ደግሞ አሳየው። ምሳ በልተን ሶፋው ላይ ተዘርግተን እናያለን። ወደ ልኬቱ ሲደርስ ካሜራው ቀርቦ የእኔን እጅ ብቻ አሳየ። ቆይ ብዬ ምስሉን አቆምሁት። ወደ ኋላ መልሼ እንደገና አየሁት። ቤቭ መነጽሯን አድርጋ ተጠጋች። “ቨርን” አለች፣ ጣቷን ምስሉ ላይ አሳርፋ። “እጅህ እኮ ከመስመሩ ወዲህ ነው።”

የሜዳው መስመር ስፋቱ አንድ ጋት ነው፣ አራት ጣት ማለት ነው። መቆንጠጫው በሰንሰለቱ ላይ የተያዘው በመስመሩ በኋለኛው ጫፍ ልክ ነው፤ ሲለካም የሚቀመጠው እዚያው ጫፍ ላይ ነው። ያን ቅዳሜ ግራ ጉልበቴ አልታጠፍ ስላለኝ ዞሬ በቀኙ ተንበረከክሁ። በተቃራኒው በኩል ስለ ነበርሁ፣ በረዶውም መስመሩን ስለ ሸፈነው፣ መቆንጠጫውን በፊተኛው ጫፍ ላይ አስቀመጥሁት። ሰንሰለቱ በሙሉ አንድ ጋት ወደ ፊት ሄደ። ኳሱ የጎደለው ሦስት ጣት ነበር። ሰው ሁሉ ሊያሰላው ይችላል።

ይህን ስሕተት ከሰንሰለት ያዦች በቀር ማንም አይሠራውም፣ ከሰንሰለት ያዦችም ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተሳሳተ እኔ ሠራሁት። ብናልፍ ኖሮ እናሸንፍ ነበር አልልም። ሃያ ሁለት ያርድ ይቀረን ነበር፣ ልጁም መወርወር አይችልም። የምለው ትእዛዙ ትክክል ነበር፣ ልጆቹ ደርሰው ነበር፣ የጎደለው ነገር እኔ ነበርሁ። አርባ ዓመት የሰው እህል ስመዝን አንድ ገበሬ “ቨርን፣ ሚዛንህን አየው” ብሎኝ አያውቅም።

ሰኞ ጠዋት እርስዎ ዘንድ መጣሁ። የአሰልጣኙን ጉዳይ የሚወስነው ኮሚቴ ረቡዕ ስለሚሰበሰብ ጊዜ አለ ብዬ ነበር። ስጨርስ በመጀመሪያ የጠየቁኝ ነገር “ሚስተር ቲድማን፣ ይህን ሌላ ማን አይቶታል?” የሚል ነበር። እኔና ባለቤቴ ነን አልሁ። “እንግዲያው ሁለታችሁ ናችሁ” አሉኝ፣ ፊትዎም በራ። ቀጥለው ያሉትን ቃል በቃል እጽፈዋለሁ፣ የመጻፍ ዕድል ከሰጡኝ ቃላት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነውና፦ “ስለ ሃልቨርሰን ከጥቅምት ጀምሮ ወስነናል። ያ ኳስ ለሰዉ ማስረዳቱን አቀለለልን እንጂ ሌላ ነገር የለውም። አሁን ይህን ካነሡት ኮሌጁን መሳቂያ ያደርጉታል። ለእርስዎም ጥሩ አይሆንም፤ በሚቀጥለው መኸር ሰደርያዎን ለብሰው ማየት እንፈልጋለን።” እጄን ጨብጠው ሸኙኝ። እጅዎ ሞቃት ነበር።

እዚህ ላይ ክቡርነትዎን ብቻ ብወቅስ ዋሾ እሆናለሁ። ከቢሮዎ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥሁ፣ ወደ ጋዜጣው ቢሮም አልሄድሁም። ሰኞ ዝም አልሁ፣ ማክሰኞም ዝም አልሁ። ሰደርያዬን አሰብሁ። ቅዳሜ ጠዋት የጫማዬን ክር ሳስር የሚሰማኝን ነገር አሰብሁ። ማክሰኞ ራት ላይ ቤቭ ሳህኔን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠችበት ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ ነው። አፍሬአለሁ። ይህን ቃል በጋዜጣ ላይ ስጽፍ ፊቴ ይግላል።

ረቡዕ ከሰዓት ኮሪን ያሰናበተው መግለጫዎ ወጣ። “በወሳኝ ሰዓት የታየ የውሳኔ ድክመት” ይላል። ለማን እንደ ተጻፈ ስም ባይኖረው የእኔ ነው ብዬ እፈርምበት ነበር።

ሐሙስ ኮሪ ቤት ሄድሁ። መኪና ማቆሚያው ክፍት ነበር፤ ካርቶን በካርቶን ላይ ተደራርቧል። ብሪን የመጫወቻ ዕቃዋን በጋዜጣ ትጠቀልላለች። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ውስጥ ጮኸች፣ “አባዬ! ሦስት ጣቱ ሰውዬ መጣ!”

ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ስም ወጥቶልኛል። እንደዚህኛው ውስጤ የገባ የለም።

ኮሪ እጁን በሱሪው እየጠረገ ወጣ። “ጋሽ ቨርን፣ ግባ ብርድ ነው። ወንበሮቹን ጭነናቸዋል፣ ካርቶን ላይ ተቀመጥ” አለኝ። አልተቀመጥሁም። “ያ ኳስ...” ብዬ ጀመርሁ።

“አይቼዋለሁ” አለኝ።

“ምኑን?”

“እጅህን። እሁድ ጠዋት የጨዋታውን ፊልም ስመረምር አየሁት። በተቃራኒው ጉልበትህ ነበር የተንበረከክኸው። አሞህ ነበር እንዴ?”

እሁድ ጠዋት ማለት እኔ ከማወቄ በፊት ነው። ምልክቶቹን ስነቅልለት መስኮቱ ጋ ቆሞ ያየኝ ነበር፣ ያኔም ያውቅ ነበር። ታዲያ ለምን አልተናገርክም ብዬ ጮህሁበት፤ እሱን መቆጣቴ ራሱ የሚገርም ነው። “ብናገር ምን ይመጣል? ጨዋታው አይመለስ” አለ። “አንተን ግን ከሰንሰለቱ ያነሡሃል። ቤቭ ነግራኛለች፣ ቅዳሜ ሲደርስ እንደ ልጅ ነው የሚያደርግህ አሉ። እኔ ገና ሠላሳ ስምንቴ ነኝ ጋሽ ቨርን። ጃኔል አገር የሒሳብ አስተማሪ ይፈልጋሉ። እኖራለሁ።” ጃኔል ከኋላው ቆማ ነበር። “እኔ ተናገር ብዬው ነበር” አለች፤ በዓይኖቿ ግን አልወቀሰችኝም፣ ብትወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ ኮሪ አንድ ነገር ጠየቀኝ። ሥራዬን አስመልስልኝ አላለም፣ ለዳይሬክተሩ ንገርልኝም አላለም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቤተሰቡ እንዳይሰማ ያህል፣ “ግን ጋሽ ቨርን፣ ደርሶ ነበር አይደል? እኔ በፊልሙ አስልቼዋለሁ። ከሰንሰለት ያዡ አፍ ልስማው ብዬ ነው” አለ።

“ደርሶ ነበር” አልሁት። “አንድ ጣት ተርፎት።”

ራሱን ነቀነቀ፣ ካርቶኑ ላይ ተቀመጠ፣ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሦስት ዓመት ሙሉ በከተማው ፊት ተሰድቦ አንድ ቀን ዓይኑ ሲረጥብ ያላየሁት ሰው አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ። ብሪን ጋዜጣዋን ጥላ መጥታ ሁለታችንን በየተራ ታየናለች። ጉልበቴ እያመመኝ ወረድሁላትና ሦስት እንዳልሆነ ነገርኋት። ጎደለ ያልሁት ውሸት ነበር፣ አባትሽ ደርሶ ነበር፣ እንዲያውም ይህችን ታህል ተርፎት ነበር ብዬ ሌባ ጣቴን አሳየኋት። አተኩራ አየችው።

እንግዲህ የላኩልንን ቅጽ በመጨረሻ ሞልቼዋለሁ፣ ዘግይቼ በመመለሴ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በዘጠኙም ጥያቄ ላይ ቁጥር አልጻፍሁም። በኅዳጉ ላይ የጻፍሁት ይህ ነው፦ የአሰልጣኝ ኮሪ ሃልቨርሰን የመጨረሻ ትእዛዝ ተለክቶ ነበር፤ የለካሁት እኔ ቨርነን ቲድማን ነኝ፤ የለካሁትም በስሕተት ነው፤ የስፖርት ክፍሉ ዳይሬክተር ይህን ኮሚቴው ከመሰብሰቡ ሁለት ቀን ቀድመው ያውቁ ነበር። አንባቢ ሆይ፣ በምድር ቤቱ እራት ላይ ጣቴን አይታችሁ ከሳቃችሁ፣ እባካችሁ ያን ሳቃችሁን መልሱልኝ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቢሮዎ በር ጥብቅ ማጠፊያ፣ ለውጤት ሰሌዳዎ የማይጠፋ መብራት እየተመኘሁ፣ በሠላሳ አንድ መኸር ትእዛዝዎን ሳልሽር በሜዳ ዳር የቆምሁ፣ በሞቃት እጅዎ የተሸኘሁ፣

ታዛዥዎ የነበርሁ
ቨርነን ቲድማን

በድጋሚ የታከለ፦ ብርቱካንማው ሰደርያዬና መቆንጠጫዋ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በእሽግ ተልከውልዎታል። ሰደርያውን ቤቭ አጥባዋለች። መቆንጠጫዋን እንዲያስቀምጡልኝ የምለምንዎ ጠረጴዛዎ ላይ ነው፤ በየካቲት የእርስዎን ሥራ የሚገመግም ጉባኤ እንደሚሰበሰብ ሰምቻለሁና፣ ገምጋሚዎችዎ ከየትኛው ጫፍ እንደሚለኩዎት ከወዲሁ እንዲያስቡበት ያግዝዎታል። ቅጽ ካነሳቸው ሎይስ ዘንድ ያልተሞላ ብዙ አለ።

የሃልቨርሰን ቤተሰብ ዛሬ ጠዋት ሄደ። መኪናው በቤታችን በር ሲያልፍ ብሪን መስኮቱን ዝቅ አድርጋ ሌባ ጣቷን አሳየችኝ፤ አንድ ብቻ። የሰባት ዓመት ልጅ ናት፣ ልኬቱን ግን ከኮሚቴዎ ቀድማ ጨርሳለች።